የነፋስ መንኰራኵር ልጓም

በአውድማ ላይ እህሉን ወቅቶ የጨረሰ ገበሬ ላይዳውንና መንሹን ይዞ ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲዘገይ ይቀመጣል፤ ሲመጣ ይነሣል፤ ከልክ በላይ ሲበረታ ደግሞ ገለባውን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ይዞበት እንዳይሄድ እጁን ይሰበስባል። በዚህ ሥራ ውስጥ ነፋሱን የሚለካ ዓይን፥ የሚፈርድ ልብና የሚታዘዝ እጅ በአንድ ሰው ላይ ተባብረው ይገኛሉ። የነፋስ ኃይል ታሪክ በሌላ አገር ሌላ መልክ ይዞ ቢያድግም ጥያቄው ያው የአውድማው ጥያቄ ነው፤ የማይታዘዘውን ነፋስ በምን ልክ ይቀበሉታል? ሰውየው በአጠገቡ በማይገኝበት ጊዜስ የዓይኑንና የእጁን ሥራ ማን ይሠራለታል?

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በቅድሚያ አንድ የሒሳብ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ነፋስ የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል እንጂ። በሰከንድ 6 ሜትር ይጓዝ የነበረው ነፋስ 12 ሜትር ቢደርስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል፤ 18 ሜትር ቢደርስ 27 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለዝግተኛ ነፋስ የተሠራ መንኰራኵር ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ቀን ይሰበራል፤ ዐውሎ ነፋስን እንዲችል ሆኖ የከበደውም በዝግታው ቀን አይነቃነቅም። ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት ቤትስ በ1920 እንዳስረዳው ደግሞ ከሚያልፈው ነፋስ ውስጥ ማናቸውም መንኰራኵር ሊወስድ የሚችለው ኃይል ከመቶ 59.3 አይበልጥም። በላይ በኩል ይህ ወሰን፥ በታች በኩል ያ የኩብ ሕግ፥ በመካከሉ ደግሞ በየሰከንዱ የሚለዋወጠው ነፋስ፤ መሐንዲሶች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የደከሙት በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

የአውሮፓ የነፋስ ወፍጮ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። በክንፎቹ የእንጨት ርብራብ ላይ ሸራ እየተዘረጋ ይሠራ ነበርና፥ ነፋሱ ሲያይል ባለ ወፍጮው መንኰራኵሩን አቁሞ በየክንፉ እየወጣ ሸራውን መጠቅለል ነበረበት። ጭንቁ የሚመጣው ነፋሱ በድንገት የተነሣ እንደ ሆነ ነው። ማቆሚያው የእንጨት ፍሬን ነበርና ከክንፎቹ ጉልበት ጋር ሲታገል በፍትጊያ ይግላል፤ በዚህ ምክንያት በእሳት የጠፉት ወፍጮዎች ጥቂቶች አይደሉም። ክንፎቹን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ማዞርም ራሱን የቻለ ድካም ነበር።

ይህን ሁለተኛውን ድካም ያቃለለው ኤድመንድ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንጥረኛ ነው። በ1745 በወፍጮው ጀርባ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር በጎን አቁሞ የፈጠራ መብት አወጣ። ትልቁ መንኰራኵር በቀጥታ ከነፋሱ ፊት ለፊት ሲቆም ትንሿን ነፋስ አይመታትም። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ግን ከጎንዋ ያገኛትና ትዞራለች፤ በዞረችም ጊዜ በጥርሳም መንኰራኵሮች አማካይነት የወፍጮውን ራስ ወደ ነፋሱ ትመልሰዋለች፤ ከመለሰችውም በኋላ እርስዋ ራስዋ ጸጥ ትላለች። ስሕተትን አይቶ ስሕተቱ እስኪጠፋ ድረስ የሚሠራ፥ ሲጠፋም የሚያርፍ መሣሪያ ማለት ይህ ነው። ከዘመናት በኋላ ሊቃውንት ግብረ መልስ ብለው የሰየሙትን ነገር ይህ አንጥረኛ ያለ አንዳች የሒሳብ ቀመር በእንጨትና በብረት ሠርቶታል።

የፍጥነቱ ነገር ግን የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። በ1772 ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሚክል ሸራውን በመስኮት መዝጊያ ዓይነት ሳንቃዎች ተክቶ በሞላ ያዛቸው፤ ነፋሱ ሲበረታ ሳንቃዎቹ ተከፍተው ትርፉን ያሳልፉታል። በ1787 ቶማስ ሚድ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ኳሶችን ተጠቀመ። ዘንጉ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲዘገይም ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በዚህ እንቅስቃሴያቸውም የሸራውን ስፋት ያዝዛሉ። ኳሶቹ በድንጋዩም ላይ ያገለግሉ ነበር። ወፍጮው ሲፈጥን የላይኛው ድንጋይ ከታችኛው የመራቅ ጠባይ ስላለው ዱቄቱ ሸካራ ይወጣ ነበርና፥ ይህን ርቀት እየመጠኑ ዱቄቱን በአንድ ልክ አቆዩት። በ1807 ደግሞ ዊልያም ኪውቢት ወፍጮው በመዞር ላይ ሳለ ሳንቃዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ብልሃት አገኘ።

በየትምህርት ቤቱ የሁለቱ ኳሶች ልጓም የጄምስ ዋት ፈጠራ ነው ተብሎ ይነገራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን በ1788 ለንደን ውስጥ በአልቢዮን ወፍጮ ቤት ኳሶቹ ድንጋዩን ሲያዝዙ አይቶ ለዋት ጻፈለት፤ ዋትም በዚያው ዓመት ብልሃቱን ወስዶ ለእንፋሎት ሞተር አዋለው። እንግዲህ የእንፋሎቱ ዘመን ምልክት የሆነው መሣሪያ የነፋስ ወፍጮ ልጅ ነው። የዋትን ክብር ይህ አይቀንሰውም፤ ነገር ግን ስማቸው የተረሳው ባለ ወፍጮዎች ድርሻቸው ሊሰጣቸው ይገባል።

የኳሶቹ ልጓም በሺህ በሚቆጠሩ ሞተሮች ላይ ከተተከለ በኋላ አንድ ያልተጠበቀ ጠባይ አሳየ። አንዳንዱ ሞተር ፍጥነቱ ተስተካክሎ በመቆየት ፈንታ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ ልጓሙ ሲይዘው ከመጠን በታች ይዘገያል፤ ሲለቀው እንደ ገና ይፈጥናል፤ እንዲህ እያለ ሲዋዥቅ ይኖራል። ልጓሙን በደንብ አድርጎ መሥራት ይልቁን ነገሩን ያብሰዋል፤ ፍትጊያው የቀነሰ ልጓም ከሻካራው ይልቅ ይዋዥቅ ነበርና። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለ ልጓሞች ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን በሒሳብ ገለጸ። ማረሚያው ዘግይቶ ከመጣ ወይም ከበዛ ጥፋትን ይጨምራል እንጂ አያጠፋም፤ መቼ እንደሚጠፋና መቼ እንደሚበዛም ከቀመሩ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የቁጥጥር ሳይንስ ከዚህ ጽሑፍ ይነሣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በ1880ዎቹ ነው። በግላስጎው ያስተምር የነበረው ጄምስ ብላይዝ በ1887 በሜሪከርክ በሚገኘው የዕረፍት ቤቱ ግቢ ባለ ሸራ መንኰራኵር አቁሞ ቤቱን አበራ። ትርፉን ለመንደሩ ዋና መንገድ መብራት ልስጥ ቢል የመንደሩ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። በሚከተለው ዓመት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ቻርልስ ብረሽ 144 ቅጠሎች ያሉትን፥ ስፋቱ 17 ሜትር የሆነውን መንኰራኵር ተከለ፤ ከዚያ ሁሉ ግዙፍነት የሚያገኘው ግን 12 ኪሎዋት ብቻ ነበር። ሁለቱም የነፋሱን መለዋወጥ የቻሉት በባትሪ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ መምህራንን የሚመለከተው የዴንማርኩ ፖል ላ ኩር ነው። ላ ኩር ከ1878 ጀምሮ በአስኮቭ የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹም በብዛት የገበሬ ልጆች ነበሩ። የከተማው ሰው በኤሌክትሪክ ሲጠቀም የገጠሩ ሰው በጨለማ መቅረቱ ስላሳሰበው በ1891 ከመንግሥት ገንዘብ አስፈቅዶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወፍጮ አቆመ። ወዲያውም የነፋሱ መለዋወጥ ገጠመው፤ ዲናሞው እኩል ፍጥነት ይፈልጋል፥ ነፋሱ ግን እኩል ፍጥነት አይሰጥም። ላ ኩር ክራቶስታት ብሎ የሰየመውን ከቺንጋና ከክብደት የተቀነባበረ መሣሪያ ሠራ። ነፋሱ ከተወሰነው ጉልበት በላይ ሲገፋ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ወደ ዲናሞው የሚደርሰውም ጉልበት በልኩ ይቀራል። ኤሌክትሪኩን ለማቆየት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከፍሎ በሃይድሮጅኑ ትምህርት ቤቱን አበራ፤ ጋዙ እየፈነዳ መስኮቶቹን ስለ ሰበረበትም ደጋግሞ መስተዋት ማስገጠም ነበረበት። በ1904 ለገጠር ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የትምህርት ጉባኤ ከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዱ የ17 ዓመቱ ዮሐንስ ዩል ነበር፤ ስሙ ኋላ ይመለሳል።

የላ ኩር ቺንጋ ትርፉን ኃይል በመንሸራተት ያባክነው ነበር። ነገር ግን ከርሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት መሣሪያዎች የዘነጉትን አንድ ነገር ይዟል፤ ነፋሱን የሚቀበለው ክፍልና ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል በግድ በአንድ ፍጥነት መታሰር የለባቸውም።

ይህ መዘንጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው በአሜሪካ ነው። ፓልመር ፐትናም በቬርሞንት ግዛት በግራንድፓስ ኖብ ኮረብታ ላይ 1,250 ኪሎዋት የሚያመነጭ፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሜትር የሆነ፥ ሁለት የብረት ክንፎች ያሉት መንኰራኵር አሠርቶ በጥቅምት 1941 ከመብራት መስመር ጋር አገናኘው። ጄኔሬተሩ ከመስመሩ ጋር በአንድ ምት የታሰረ በመሆኑ መንኰራኵሩ በነፋስ ግፊት ጊዜ እንደ ልቡ ሊፈጥን አይፈቀድለትም ነበር። ነፋሱ ሲገፋ ኃይሉ የሚሄድበት ስለሌለው በዘንጉ፥ በክንፉ ሥርና በማማው ላይ ያርፋል። ክንፎቹ በዘይት ግፊት ዝንባሌያቸውን እየለወጡ ኃይሉን እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር፤ የድንገተኛውን ግፊት ጭነት ግን ሁሉን ሊያስቀሩት አልቻሉም። በ1943 አንድ ዋና ኩሽኔታ ተበላሸና በጦርነቱ ምክንያት መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ መሣሪያው ሁለት ዓመት ያህል ቆመ። ከተጠገነ በኋላም ብዙ አልቆየም፤ መጋቢት 26 ቀን 1945 ሌሊት 8 ቶን ያህል የሚመዝነው አንዱ ክንፍ ደካማነቱ አስቀድሞ ከታወቀው ከሥሩ ተገንጥሎ በጨለማ ውስጥ ተወረወረ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ግን በዚያው ቀረ።

የላ ኩር ተማሪ ዮሐንስ ዩል ሌላ መንገድ ያዘ። በ1957 በጌድሰር ሥራ የጀመረው የ200 ኪሎዋት መሣሪያው ሦስት ክንፎች ነበሩት፤ ክንፎቹም የማይዞሩ ሆነው የተተከሉ ነበሩ። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ በክንፉ ላይ የሚፈሰው አየር በራሱ ጠባይ ይቋረጣል፤ ኃይሉም ሳይጨምር ይቀራል። ፍጥነቱ ቢያመልጥ የክንፎቹ ጫፎች ዞረው ፍሬን ይሆናሉ። ጄኔሬተሩም እንደ ፐትናም በጥብቅ የታሰረ ሳይሆን ጥቂት የሚሸሽ ዓይነት ነበር። መሣሪያው እስከ 1967 ድረስ ሠራ። ልጓሙ ከክንፉ ቅርጽ ጋር አብሮ የተፈጠረ በመሆኑ የሚበላሽ ነገር አልነበረበትም። ሆኖም ይህ ዘዴ ትልቅነትን አይወድም፤ ክንፉ በረዘመ ቁጥር የአየሩ መቋረጥ የሚያመጣው ጭነት ከባድ ይሆናል፤ በዝግታው ነፋስም የሚገኘው ኃይል በከፊል ይባክናል።

መንኰራኵሩን ከመስመሩ ምት ነፃ የሚያወጣው መንገድ በታላቅ መጠን የታየው እንደ ገና በትምህርት ቤት ግቢ ነው። በዴንማርክ ኡልፍቦርግ አጠገብ ያሉት የትቪንድ ትምህርት ቤቶች መምህራን ከየደመወዛቸው ገንዘብ አዋጥተው ከ1975 እስከ 1978 ድረስ ከተማሪዎቻቸውና ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር በገዛ እጃቸው ስፋቱ 54 ሜትር የሆነ መንኰራኵር ሠሩ። መሠረቱን ቆፈሩ፤ ማማውን በሲሚንቶ አነሡ፤ ክንፎቹን ከመስተዋት ጭረትና ከሙጫ ቀረጹ። ለሚበዛው አንባቢ የሚያስደንቀው ይህ ድካም ይሆናል። ለታሪኩ ግን የሚበልጠው በማማው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ነው። ጄኔሬተሩ መንኰራኵሩ በፈቀደው ፍጥነት ዞሮ የሚሰጠውን ተለዋዋጭ ጅረት መሣሪያው መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጠዋል፤ ቀጥሎም መስመሩ ወደሚፈልገው በሰከንድ 50 ምት ይመልሰዋል። ነፋሱ ሲገፋ መንኰራኵሩ ትንሽ ይፈጥናል፤ ትርፉም ኃይል በክብደቱ ሩጫ ውስጥ ይከማቻል፤ ነፋሱ ሲደክም ደግሞ ይመለሳል። የፐትናምን ክንፍ የሰበረው ዓይነት ግፊት እዚህ መተንፈሻ አገኘ። መንኰራኵሩ ከ40 ዓመት በላይ ዞሯል። በዚያው ዘመን የጀርመን መንግሥት በብዙ ገንዘብ ያሠራው፥ ስፋቱ 100 ሜትር፥ ኃይሉ 3,000 ኪሎዋት የሆነው ግሮቪያን ፍጥነቱን በመጠኑ እንዲለውጥ የተፈቀደለት ቢሆንም፥ ከመካከለኛው እምብርቱ በታየው ስንጥቅ የተነሣ ከ1983 እስከ 1987 ድረስ የሠራው ሰዓት 420 ያህል ብቻ ነው።

ፍጥነቱ ነፃ ከወጣ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ቀድሞ ልጓሙ የሚጠየቀው ፍጥነቱን በአንድ ልክ እንዲያቆይ ነበር፤ አሁን ግን ነፋሱን እየተከተለ ትክክለኛውን ፍጥነት በየጊዜው እንዲመርጥ ተጠየቀ። የክንፉ ጫፍ ፍጥነት ከነፋሱ ፍጥነት ጋር ባለው ምጣኔ ላይ መንኰራኵሩ የሚይዘው ኃይል ይወሰናል፤ በሦስት ክንፍ መሣሪያ ይህ ምጣኔ 7 ወይም 8 ያህል ሲሆን ብዙ ኃይል ይገኛል። ችግሩ ነፋሱን መለካት ነው። መለኪያው የሚተከለው በማሽኑ ቤት ላይ ከክንፎቹ በስተኋላ ስለሆነ የሚያገኘው በክንፎቹ የተበጠበጠውን አየር ነው፤ ደግሞም ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር በሆነ መንኰራኵር ላይ አንድ ነጥብ ስለ ሁሉ ሊመሰክር አይችልም። መሐንዲሶቹ ያገኙት መውጫ ነፋሱን ጨርሶ አለመለካት ሆነ። ጄኔሬተሩ በመንኰራኵሩ ላይ የሚጭነው የመያዣ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንዲያድግ ቢደረግ፥ መንኰራኵሩ ራሱ ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ይሄዳል፤ ከበዛበት ጉልበቱ ይመልሰዋል፤ ካነሰበት ነፋሱ ያፈጥነዋል። ኤድመንድ ሊ ይህን ቢያይ ወዲያው በገባው ነበር።

በዚህ ስሌት ውስጥ ግን አንድ የተደበቀ ቁጥር አለ። ጉልበቱ የሚባዛበት ቁጥር የሚሰላው ከክንፉ ቅርጽና ከአየሩ ክብደት ነው። ክንፉ አቧራ ሲለብስ፥ ነፍሳት ሲጣበቁበት፥ ጠርዙ በአሸዋ ሲበላ ቅርጹ ይለወጣል። አየሩም በባሕር ጠርዝና በደጋ አንድ አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ኃይሉን በልኩ ለማቆየት የክንፎቹ ዝንባሌ ይለወጣል፤ ይሁን እንጂ ክንፉን አንድ ዲግሪ ማዞር በመጠነኛ ነፋስ ትንሽ፥ በብርቱ ነፋስ ግን ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ውጤት አለው። በአንዱ ነፋስ የተስተካከለ ልጓም በሌላው ነፋስ የማክስዌልን ዋዣቂ ሞተር ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው የማማው ነገር ነው። ነፋሱ ሲጨምር ልጓሙ ክንፎቹን ያዞራል፤ ክንፎቹ ሲዞሩ በማማው ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ማማውም ተለጥጦ እንደ ተለቀቀ ቀስት ወደ ነፋሱ ይመለሳል። ወደ ነፋሱ ሲሄድ ለክንፎቹ ነፋሱ የበረታ ይመስላቸዋል፤ ልጓሙም እንደ ገና ያዞራቸዋል፤ ግፊቱ እንደ ገና ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ኃይሉን በትክክል የሚጠብቅ ልጓም ማማውን ሊያወዛውዘው ይችላል። በባሕር ላይ በሚንሳፈፉት መሣሪያዎች ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። በ2009 ኖርዌይ አጠገብ የተተከለው ሃይዊንድ ውሃ ውስጥ የቆመ ረጅም ቀለም ላይ የተቀመጠ ያህል ስለሆነ፥ የየብስ ልጓም እንዳለ ቢገጠምለት መናወጡን ባባሰው ነበር፤ ስለዚህ ለርሱ የሚስማማ ሌላ ልጓም ተበጀለት።

እንግዲህ መሐንዲሱ የያዘው ቀመር ከእውነተኛው መሣሪያ ጋር ፈጽሞ እንደማይገጥም ያውቃል። ይህን እያወቀ ምን ያድርግ? ከ1960 ጀምሮ ሩዶልፍ ካልማንና ሌሎች ሊቃውንት ያቀረቡት ትምህርት ቀመሩ ትክክል ከሆነ ከሁሉ የተሻለውን ልጓም ያስገኝ ነበር። በ1978 ጆን ዶይል የተባለ ወጣት አሜሪካዊ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ዘዴ የተሠራ ልጓም ቀመሩ ጥቂት ቢሳሳት ምን ያህል እንደሚችል የሚሰጥ አንዳች ዋስትና እንደሌለ በምሳሌ አሳየ፤ የጽሑፉም አኅጽሮት በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ብቻ ነበር። በ1981 በሞንትሪያል ያስተምር የነበረው ጆርጅ ዜምስ ጥያቄውን ገለበጠው። ከቀመሩ ጋር የሚስማማውን ምርጥ ልጓም በመፈለግ ፈንታ፥ ስሕተቱ የሚደርስበትን ወሰን አስቀድሞ ወስኖ፥ በዚያ ወሰን ውስጥ የሚመጣው ክፉ ነገር ሁሉ የሚያደርሰው ጉዳት ከሁሉ የሚያንስበትን ልጓም መፈለግ ይገባል አለ። ይህ ጽኑ ቁጥጥር ይባላል። በ1989 ዶይልና ሦስት ባልደረቦቹ ለስሌቱ አመቺ መንገድ ስላበጁለት ትምህርቱ ከሊቃውንት ወረቀት ወደ መሐንዲሶች ጠረጴዛ ወረደ።

በሞስኮ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኤሜልያኖቭ፥ በኋላም ኡትኪን ሌላ መንገድ ሲጠርጉ ነበር። በነርሱ ዘዴ መሣሪያው ከተመረጠው መስመር በወጣ ቁጥር ልጓሙ በሙሉ ኃይሉ ወደ መስመሩ ይገፋዋል፤ ከመስመሩ ወዲህ ሲሆን ወደዚያ፥ ወዲያ ሲሆን ወደዚህ። የቀመሩ ስሕተት በዚህ ግፊት ይዋጣል። ነገር ግን ልጓሙ በየቅጽበቱ እየተገለባበጠ ስለሚገፋ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለኤሌክትሪክ ክፍሉ ይህ ብዙ አይከብድም፤ የጥርስ ማርሾች ሳጥን ላለው መሣሪያ ግን ጥርሶቹን የሚፈጅ በሽታ ነው። ስለዚህ የኋለኞቹ ሊቃውንት ግፊቱን የሚያለዝቡ ዘዴዎችን ጨመሩበት። የነዚህ ሁሉ ትምህርት በነፋስ መሣሪያ ላይ ብዙ ጽሑፍ አስጽፏል፤ ከፋብሪካ ከሚወጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ግን በነፋሱ ብርታት መጠን ቁጥሮቹ በሚለዋወጡለት በቀድሞው ቀላል ልጓም ይሠራሉ። መሐንዲሱ ጽኑውን ትምህርት ይበልጡን የሚጠቀምበት ያ ቀላል ልጓም እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ለመመርመር ነው። ይህም ጥንቃቄ እንጂ ስንፍና አይደለም፤ በማማው ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ ሊረዳው የሚችል ልጓም የራሱ ጥቅም አለውና።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ታሪክ ምዕራፎች ሁሉ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ። በ1970ዎቹ በታችኛው የኦሞ ወንዝ ዳር በኦሞራቴ አንድ የአሜሪካ ሚስዮን እንደ ቀርጤስ ደሴት ወፍጮዎች ያሉ ባለ ሸራ መንኰራኵሮች አስተክሎ ውሃ ወደ እርሻ ይሳብባቸው ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን የሚቀንሰው የሰው እጅ ነበር፤ ከኤድመንድ ሊ በፊት እንደነበረው ማለት ነው። በኬንያ በንጎንግ ኮረብታ በ1993 የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መንኰራኵሮች ቆሙ። በኢትዮጵያ በ2012 በአዳማ አጠገብ 34 መንኰራኵሮች ተተከሉ፤ እያንዳንዱ 1,500 ኪሎዋት የሚሰጥና ማርሽ የሌለው፥ ፍጥነቱም ከነፋሱ ጋር የሚለዋወጥ ነው። በ2013 ደግሞ በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 120 ሜጋዋት የሚሰጡ 84 መንኰራኵሮች ተመረቁ።

እነዚህ የደጋ ሥፍራዎች ቀድሞ የተነገረውን የተደበቀውን ቁጥር ያስታውሳሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠርዝ አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀልላል። በያንዳንዱ የነፋስ ፍጥነት የሚገኘው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ለሰሜን ባሕር ዳርቻ የተሰላው የመያዣ ጉልበትም መንኰራኵሩን ከሚገባው በላይ ይይዘዋል፤ ክንፎቹ መዞር የሚጀምሩበትም ነፋስ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣው መሣሪያ ልጓሙ ለአገሩ አየር እንደ ገና መሰላት አለበት። ይህ ስሌት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል ሊሠራ የሚችል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የቱርካና ሐይቅ ነገር ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ምድር የምሥራቁን ነፋስ እንደ ጉሮሮ ያጠብበዋል፤ በዚያም ያለማቋረጥ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ይገኛል። በሎያንጋላኒ አጠገብ እያንዳንዱ 850 ኪሎዋት የሆነ 365 መንኰራኵሮች ተተከሉ፤ በጠቅላላው 310 ሜጋዋት ይሰጣሉ። መንኰራኵሮቹ በ2017 ቆመው ያለቁ ሲሆን፥ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መስመር እስከ 2018 ድረስ ባለመድረሱ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትተው ቆዩ። ሥራ ሲጀምሩም አገሪቱ ከሁሉ በላይ በምትፈልግበት ሰዓት የምትጠቀምበት ኃይል ከ2,000 ሜጋዋት በታች ነበር። በዚህ መጠን መረብ ውስጥ የአንድ ሥፍራ ነፋስ ቢወድቅ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ ከተሞች ሊጨልሙ ይችላሉ፤ ልጓሙ መንኰራኵሩን ብቻ ሳይሆን መረቡንም የሚያስብ መሆን ነበረበት።

የቱርካና ነፋስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደክሞ ሌሊት ይበረታል። ናይሮቢ ተኝታ መብራቷን ባጠፋችበት ሰዓት መንኰራኵሮቹ ከሁሉ የሚበልጠውን ኃይል ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚቀበላቸው ግን የለም። ያን ጊዜ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ትእዛዝ ይተላለፋል፤ ክንፎቹም በዝንባሌያቸው ጥቂት ዞረው ነፋሱን ያሳልፉታል፤ እስኪነጋም ድረስ እንዲሁ ይቆያሉ።